«ያለፈው ይቅር» ብሎ ማስታረቅ ይበቃልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ነው። በየወሩ በ23 የቅዱስ ጊዮርጊስን ጽዋ የምንጠጣ የአንድ ሰፈር ማኅበርተኞች ነን። በ2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ሰሞን የትግራይ ተወላጅ የሆነች ማኅበርተኛችን ከቤቷ ተወስዳ ታሰረች። ጥቆማውን የሰጠው ከመካከላችን አንዱ ነው ተብሎ ይወራል። ከተፈታች በኋላ ወደ ማኅበሩ አልተመለሰችም፤ ተራዋም ለሌላ ተሰጠ። አሁን ሙሴያችን (የማኅበሩ መሪ) «ያለፈው ይቅር፣ ስለ ጊዮርጊስ ብላችሁ ተቃቀፉ» ይላሉ፤ እርሷ ግን እሺ አላለችም። አንዳንዶች «ቂመኛ ናት፣ መቁረብ አይገባትም» እያሉ ነው። በደለኛዋ እርሷ ናት? እኛስ እንዲህ ሆነን ጽዋውን መጠጣት ይገባናል? (ወለተ ማርያም)

መልስ፦ እኅታችን ወለተ ማርያም፣ በደለኛዋ እርሷ አይደሉም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከእስራቱ በላይ አሁን የሚባልባቸው እንዳይጎዳቸው ስለምፈራ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰውን የጌታን ቃል ቀስ ብለን እናንብበው። «መባህን በመሠዊያው ላይ ብታቀርብ፥ በዚያም ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ፥ በዚያ በመሠዊያው ፊት መባህን ትተህ ሂድ፥ አስቀድመህም ከወንድምህ ጋር ታረቅ» ይላል (ማቴ. 5፥23-24)። ጌታ «አንተ በወንድምህ ላይ አንዳች ካለህ» አላለም፤ «ወንድምህ በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ» ነው ያለው። መባውን ትቶ እንዲሄድ የታዘዘው በደል የፈጸመው ነው። የተበደለውን ጠርቶ፣ በሰው ፊት አቁሞ፣ ካላቀፍክ ቂመኛ ነህ ማለት ትእዛዙን ገልብጦ በተጎዳው ላይ መጫን ነው።

የሙሴያችሁ ሐሳብ ከክፋት እንዳልመጣ አምናለሁ። ማኅበሩ እንዳይፈርስባቸው ነው የሚጨነቁት። ነገር ግን ነቢዩ ኤርምያስ በዘመኑ የነበሩትን የሃይማኖት መሪዎች የወቀሰው በዚሁ ነው፦ «የሕዝቤንም ስብራት በጥቂቱ ይፈውሳሉ፤ ሰላም ሳይሆን፦ ሰላም ሰላም ይላሉ» (ኤር. 6፥14)። አባቶቻችንም «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ያሉት ዐውቀው ነው።

የሽምግልናችንን ሥርዓትም እናስታውስ። ደንቡን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገኖች ገና ሳያገናኙ ለየብቻ ይሰማሉ፤ ያጠፋው ጥፋቱን እስኪያምን ይመላለሳሉ፤ ካሳ የሚያስፈልገው ከሆነ ካሳው ይቆረጣል። በብዙ የአገራችን ክፍል ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ተጎንብሶ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። መተቃቀፉና አብሮ መብላቱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዛሬ መጨረሻውን ብቻ ይዘን መጀመሪያውን ጥለነዋል፤ ስለዚህም ነው ዕርቃችን ሳምንት የማይቆየው።

ዮሴፍን ተመልከቱ። ወንድሞቹ በግብፅ ፊቱ በቆሙ ጊዜ እርሱ ዐውቋቸዋል፤ እያለቀሰም ከእነርሱ ይሰወር ነበር። ራሱን የገለጠላቸው ግን ወዲያው አይደለም። «እንሽጠው» የሚለውን ምክር ያመጣው ይሁዳ፣ በብንያም ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን ብሎ እስኪለምን ድረስ ጠበቀ (ዘፍ. 44)። በቀል በልቡ አልነበረም፤ ሆኖም ወንድሞቹ መለወጣቸውን ማየት ነበረበት። ስለዚህ በልብ ይቅር ማለትና አብሮ ወደ መኖር መመለስ ተያያዥ ቢሆኑም በአንድ ቀን የሚፈጸሙ አይደሉም። እኅታችሁ ምናልባት የመጀመሪያውን ከእግዚአብሔር ጋር ጨርሰውት ይሆናል። ሁለተኛው የቆመው በእናንተ ምክንያት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለእናንተ የሚስማማው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ያለው ታሪክ ይመስለኛል። በኢየሩሳሌም የነበረችው የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን በቋንቋ ምክንያት ልትከፈል ደርሳ ነበር። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ምእመናን፣ በዕለት ምግብ እደላ መበለቶቻችን ይረሳሉ ብለው አንጐራጐሩ። ሐዋርያት ያደረጉትን ልብ እንበል። «ዘረኞች አትሁኑ፣ በክርስቶስ አንድ ነን» ብለው ቅሬታውን በስብከት አላፈኑትም፤ አቤቱታ አቅራቢዎቹንም አንድነት አፍራሾች አላሏቸውም። ሕዝቡን ሁሉ ጠርተው፣ በእናንተ ዘንድ የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች ምረጡ አሉ። የተመረጡትን ስም ብናነብ ሰባቱም የግሪክ ስም ነው፤ አንዱ ኒቆላዎስ እንዲያውም ከአሕዛብ ወደ ይሁዲነት ገብቶ የነበረ የአንጾኪያ ሰው ነው። ማዕዱን የማከፋፈል ሥልጣን ተረሳን ላሉት ወገኖች ሰዎች ተሰጠ ማለት ነው። ከሰባቱ መጀመሪያ የተጠራው እስጢፋኖስ ነው፤ በመስቀል አደባባይ አጠገብ ቤተ ክርስቲያኑን የምንሳለመው ሰማዕት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሾመው ለዚህ ጠብ መፍትሔ ሆኖ ነበር። ሐዋርያት ሰዎቹን በማስታረቅ ብቻ ሳይወሰኑ ጠቡን የወለደውን አሠራር ቀየሩ። ከዚያ በኋላ «የእግዚአብሔርም ቃል እየሰፋ ሄደ» ይላል።

በሌላ አገርም የዚህ ምሳሌ አለ። በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ ሥርዓት ካበቃ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ ሕግ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሰብሳቢውም የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ነበሩ። ምሕረት የሚሰጠው የሠራውን በሙሉ በግልጽ ለሚናገር ብቻ ነበር። ከ7,000 በላይ ሰዎች አመልክተው ምሕረት ያገኙት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ሥራው ያለ ጉድለት አልነበረም፤ ለተጎጂዎች የታሰበው ካሳ መዘግየቱና ማነሱ እስከ ዛሬ ያስወቅሳል። ሆኖም እውነት ሳይነገር ምሕረት የለም የሚለው መሠረቱ ትክክል ነው።

ከራሳችን ቤትም ሁለት ነገር ላንሳ። ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል በአገር ውስጥና በውጭ ተከፍሎ የቆየው ሲኖዶስ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሲታረቅ፣ አንዱ ወገን ሌላውን አሸንፎ አልነበረም። አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ፣ አቡነ ማትያስ በአስተዳደር ሥራ እንዲያገለግሉ ተስማምተው፣ ሁለቱም በፓትርያርክነታቸው ተከበሩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ቅዱስ ሲኖዶስ የትግራይን ሕዝብ ይቅርታ ጠየቀ፤ ልዑካኑም መቀሌ ድረስ ሄዱ፤ በዚያ ያሉት አባቶች ግን አልተቀበሏቸውም። ይህን ያነሣሁት ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው የመልሱን ቀን ሊቆርጥ አይችልም፤ እናንተም ይህን ዐውቃችሁ ነው መሄድ ያለባችሁ።

ስለ ጥቆማው የሚወራውን ወሬ ግን አጥብቄ እከለክላችኋለሁ። አልተረጋገጠም። ኒቆዲሞስ «ሕጋችን አስቀድሞ ከእርሱ ሳይሰማ ምንም እንዳደረገ ሳያውቅ በሰው ይፈርዳልን?» ብሎ ነበር (ዮሐ. 7፥51)። ያን ጊዜ በእኅታችሁ ላይ የደረሰው ይኸው ነበር፤ ሳይሰሟት በማንነቷ ተጠረጠረች። አሁን ደግሞ በእርሱ ላይ በወሬ ብትፈርዱ በደሉን በሌላ ሰው ላይ ትደግሙታላችሁ። የሚጠረጠረውን ሰው የነፍስ አባቱ ለብቻው ያነጋግሩት። አድርጎት ከሆነ ንስሐው የሚፈጸመው ለእርሷ እውነቱን በመናገር ነው፤ ቀራጩ ዘኬዎስ በሐሰት የወሰድኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ እንዳለ፣ ሊመለስ የሚችለውን ሁሉ በመመለስ ነው። አላደረገው ከሆነ ስሙን ያጠፉ ሰዎች ይቅርታ ይጠይቁት።

ጥቆማው የማንም ይሁን፣ ማኅበሩ ራሱ ዕዳ አለበት። ጌታ «ታስሬ ወደ እኔ መጥታችኋል» ይላል (ማቴ. 25፥36)። ታስራ ሳለች ከማኅበሩ ማን ስንቅ አቀበላት? ቤቷን ማን ጠየቀ? ተራዋ ለሌላ ሲሰጥ «ትምጣና ትናገር» ያለ ሰው ነበር? ለእነዚህ መልስ ከሌላችሁ፣ ይቅርታ መጠየቅ የሚጀመረው ከዚሁ ነው። እርስዎም ዝም ካሉት አንዷ ከሆኑ ለነፍስ አባትዎ ይንገሩ።

ስለ ቁርባን። በቅዳሴ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» ሲል፣ እርስ በርስ በተቀደሰ ሰላምታ ሰላም ተባባሉ ማለቱ ነው። ቂም የያዘ፣ የወንድሙን ክፉ የሚመኝ ሰው አይቅረብ። ነገር ግን ጉዳት ደርሶበት ለጊዜው ራቅ ማለት ቂም አይደለም። ጳውሎስም «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» ሲል (ሮሜ 12፥18) በሌላው በኩል ያለው በእጃችን እንዳልሆነ ያውቃል። እኅታችሁ ስለ መቁረባቸው የሚወስኑት እርሳቸውና የነፍስ አባታቸው እንጂ ማኅበሩ አይደለም። የእናንተ ግን ያሳስበኛል፤ ሳትሄዱ፣ ሳትጠይቁ ወደ መሠዊያው መቅረባችሁን ቃሉ አይፈቅድም።

ጽዋውን አትዝጉ። በመጪው 23 ከመሰብሰባችሁ በፊት ግን ሙሴያችሁና ሁለት ሦስት ሰዎች፣ እርሷ የሚያምኗቸውን አንድ አባት ይዛችሁ ወደ ቤታቸው ሂዱ። «እንታረቅ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ «ታስረሽ አልመጣንም፣ ተራሽንም ወሰድን፣ በድለንሻል» በሉ፤ ከዚያም የሚሉትን ሁሉ ሳታቋርጡ፣ ሳትከራከሩ ስሟቸው። «ሌላውም ተጎድቷል» የሚል ቃል ያን ቀን አይውጣ፤ እውነት ቢሆንም ጊዜው አይደለም። ተራቸውን መልሱ፤ ለመቀበል ግን አታስቸኩሏቸው። ከማኅበሩ አባላት ማንም ሳይሰማ ከተራው እንዳይወጣ፣ የታሰረም ማንም ይሁን ማን እንዲጠየቅ በደንባችሁ ጻፉ፤ ደንቡ ሲጻፍም ፈቃዳቸው ከሆነ እርሳቸው ይገኙበት።

ዲድስቅልያ የተባለው የቤተ ክርስቲያን የሥርዓት መጽሐፍ የተጣሉ ሰዎች ጉዳይ በሰኞ እንዲታይ ያዛል፤ የሚነሣ ክርክር ቢኖር እስከ እሑድ ቅዳሴ ድረስ ሰላም ለማድረግ ጊዜ እንዲገኝ ነው። እናንተም በዋዜማው ምሽት ሳይሆን በሳምንቱ መጀመሪያ ሂዱ። በመጀመሪያው ጉብኝት በር ካልተከፈተላችሁ፣ ለሁለተኛው ሰኞ ይደርሳል።