«ለምን ፖሊስ አልጠራም?»፦ ስለ ባርነት የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት፣ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጆችን ማስነበብ ሥራዬ ነው። ስለ ባርነት የተጻፉትን ደግሞ ትንሽ አብዝቼ ነው የማነበው። ዛሬ እስኪደክመኝ እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ መጽሐፉን ከልጁ በፊት ብቻችሁን አንብቡት። እንቅልፍ ቢመጣባችሁም አንብቡት።

የሁለት ልጆች እናት፦ ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው። ስንት ዓመት ሲሆናት ልጀምር?

መልስ፦ ጀምራለች እኮ። የዮሴፍን ታሪክ ሰምታ የለ? ዩሱፍም በይው። ወንድሞቹ ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት፣ ከዚያ ለነጋዴ ተሸጠ። ከዚያ ቀጥይ።

አንባቢ አባት፦ በሳጥን ስላመለጠው ሰው የሚተርክ መጽሐፍ ገዛሁ። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይከብዳል?

መልስ፦ ሄንሪ ብራውን ነው። እሱን ጠይቁኝ ብዬ ስጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1849 ራሱን በእንጨት ሳጥን አሳሽጎ አሜሪካ ውስጥ ባርነት ካለባት ከሪችመንድ ከተማ ባርነት ወደሌለባት ፊላደልፊያ እንደ ዕቃ ተላከ። 27 ሰዓት ፈጀበት። ሳጥኑ ላይ «ይህ ወገን ወደ ላይ» ተብሎ ተጽፏል። ዕቃ ጫኞቹ ግን በመንገድ ላይ በጭንቅላቱ ዘቀዘቁት።

ከእህቴ ልጅ ጋር ሳነበው የሳጥኑን ልክ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሳልኩላት። ርዝመቱ 91 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ 61። ገብታ ተኮራምታ ተኛች፤ ጉልበቷ አገጯን ነካ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ሽንቱ ቢመጣስ?» ብላ ነው። አልሳቅኩም፣ እናንተም እንዳትስቁ። ልጅ ወደ ከባዱ ነገር የሚገባው በዚህ በር ነው። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ልጆቹስ?» አለች። ሚስቱና ልጆቹ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ተሸጠውበታል። «በኋላ ተገናኙ?» አልተገናኙም። ያንን ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ «ለምን ፖሊስ አልጠራም?» አለችኝ።

ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው። ሕጉ የሻጩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1850 የወጣው ሕግ ባርነት በሌለባቸው ግዛቶች ያሉ ባለሥልጣናት እንኳ ያመለጠውን ሰው ይዘው እንዲመልሱ ያዝዝ ነበር። ብራውን ራሱ በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። «ፖሊሱ የሚይዘው እሱኑ ነበር» አልኳት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህ ይገባዋል፤ ፍትሕ ሲጓደል ከትልቅ ሰው ቀድሞ የሚናደደው ልጅ ነው።

ዝም ያልኩ፦ ይቅርታ፣ ልጅን ማስለቀስ ምን ይጠቅማል? ልጅነቱን ለምን እንቀማዋለን?

አንባቢ አባት፦ እውነት ነው፣ የኔም ሚስት እንዲህ ትላለች።

የሁለት ልጆች እናት፦ ስለ ጅብ ስናወራለት አያለቅስም እንዴ? ያኔ ማን ከለከለን?

ዝም ያልኩ፦ ጅብና ይሄ አንድ ነው?

መልስ፦ ማልቀስና መፍራት ይለያያሉ። ለብራውን ካለቀሰች ደህና ናት። ማታ መብራት አታጥፉብኝ ካለች ግን መጽሐፉን መልሱት፤ ከስድስት ወር በኋላ አውጡት። ግርፋቱ የተሳለበትን ገጽ ዝለሉት። ያለበትን ገጽ የምታውቁት ደግሞ ምን ስታደርጉ ነው? ቀድማችሁ ስታነቡ።

ገብረ፦ ልጄ «ስምህ ባሪያ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

መልስ፦ የፈጣሪ አገልጋይ ማለት ነው። አብዱም እንደዚያው። ማንም አልሸጠህም፣ ያንን ንገረው።

ሦስተኛ ክፍል፦ ልጄ «ባሪያ» የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ በፊት በስድብ ነው የሰማው። አሁን መጽሐፉ ላይ ሲያየው ይስቃል።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህችን ጥያቄ እወዳታለሁ። ቃሉን እንደ ሰው ስም አትጠቀሚው። «ባሪያዎች መጡ» አትበይ። «ሰዎች ተያዙ» በይ። ገበሬ ነበሩ፣ አንጥረኛ ነበሩ፣ የሰው ልጅ ነበሩ። ባርነት የተደረገባቸው ነገር እንጂ ማንነታቸው አይደለም።

ሌላም አለ። ቋንቋችን ውስጥ «ተ» የምትባል ፊደል አለች። ተያዙ፣ ተሸጡ፣ ተገረፉ። ስንቱን ሰው ደብቃለች መሰላችሁ! እኔም ከላይ «ተሸጠውበታል» ብያለሁ፣ ልብ ብላችኋል? እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ስታገኙ ቆም በሉና «ማን ሸጣቸው?» በሉት። ልጁ ሥዕሉ ላይ ሰውየውን ይፈልገዋል። ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ላይም የለም። «ለምን አልተሳለም?» የሚል ልጅ ማንበብ ጀምሯል።

አዲስ ገባሁ፦ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ስንት ዓመት ላይ ልጀምርላት?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብቢው።

አዲስ ገባሁ፦ እሺ። ጥሩ መጽሐፍስ ጠቁሚን?

መልስ፦ በምን ቋንቋ? ብቻዋን ታነባለች ወይስ ታነቢላታለሽ? ጫማ ያለ ቁጥር አይገዛም። የማትወስጂውን ግን ልንገርሽ። በባርነት የተያዙት ሁሉ ፈገግ የሚሉበትን። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ አንድ አሳታሚ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በባርነት የያዘው ምግብ አብሳይ ከልጁ ጋር እየሳቀ ኬክ ሲጋግር የሚያሳይ መጽሐፍ አወጣ፤ ተቃውሞ ሲበዛበት በሳምንታት ውስጥ ሰበሰበው። አብሳዩ ኸርኩለስ እውነተኛ ሰው ነው። በ1797 አምልጦ ሄዷል። ትንሿ ልጁ እዚያው በባርነት ቀረች። አንድ እንግዳ «አባትሽን ስለማታዪው አዝነሻል?» ሲላት፣ ነፃ ስለወጣ ደስ ብሎኛል አለችው። መጽሐፍ የሚወጣው ከዚህ ነበር እንጂ ከኬኩ አልነበረም።

ቁጥር ወዳድ፦ አሜሪካዊቷ ሃሪየት ተብማን 300 ሰው ከባርነት አስመለጠች ይላል የኛ መጽሐፍ።

መልስ፦ ወደ 70 ሰው ነው፣ 13 ጊዜ ያህል ተመላልሳ። 300 የሚለው ከድሮ የሕይወት ታሪኳ የመጣ ግነት ነው። 70ው ያንሳል? እያንዳንዱ ጉዞ ብትያዝ ወደ ባርነት የሚመልሳት ነበር።

ታሪክ ወዳድ፦ የአሜሪካውን ብቻ ለምን? ደግሞ የእኛ አገሩ እንደ ቤተሰብ ነበር፣ አይወዳደርም።

ሦስተኛ ክፍል፦ ቤተሰብ ይሸጣል እንዴ?

ታሪክ ወዳድ፦ አንቺ ታሪክ አታውቂም።

ሦስተኛ ክፍል፦ አንተስ ማን ነገረህ? የፈንጋዩ የልጅ ልጅ ወይስ የተሸጠው?

መልስ፦ በቃ፣ ሁለታችሁም። ወንድሜ፣ እ.ኤ.አ. በ1888 የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቀይ ባሕር አካባቢ የባሪያ ነጋዴ ጀልባዎችን ያዘ። ውስጣቸው ከ200 በላይ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። 64ቱ በ1890 ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል የሚባል የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ልጆቹ ከየት እንደመጡ፣ ማን እንደወሰዳቸው፣ ስንት ሰው እጅ እንዳለፉ አንድ በአንድ ተጠይቀው ተጽፏል። ቢሾ ጃርሳ የምትባለው አድጋ አስተማሪ ሆነች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር ከማንዴላ ጋር ሮበን ደሴት የታሰረው ነው። ቤተሰብ ካልክ እነዚህ ልጆች ቤተሰብ ነበራቸው። ከዚያ ነው የተነጠቁት።

ሕጉም ሩቅ አይደለም። በአገራችን ባርነትን ጨርሶ የከለከለው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። የአያቶቻችን ዘመን ማለት ነው። ከልጅ ጋር ስታወሩ ግን የትኛው ብሔር ማንን ሸጠ ወደሚል ጠብ አትውሰዱት። ልጅቷን በስሟ ጥሯት፣ መንገዷን ካርታ ላይ አሳዩ።

ታሪክ ወዳድ፦ እሺ፣ የቢሾን አላውቅም ነበር።

ፊልም አፍቃሪ፦ ፊልምስ ማሳየት ይቻላል?

መልስ፦ ስለ ፊልም ሌላ ሰው ጠይቅ። ግን ያው ነው፣ ቀድመህ ብቻህን እየው።

ስሜን አልናገርም፦ ልጄ «እኔ ብሆን እገድላቸው ነበር» አለኝ። ደነገጥኩ።

መልስ፦ አትደንግጥ፣ አትቆጣውም። «ብትገድል እናትህን ምን ያደርጓታል?» ብለህ ጠይቀው። ሰዎቹ ለምን ሁልጊዜ እንዳላመፁ ከዚህ ይገባዋል። ያመፁም ብዙ ናቸው። የሄይቲን ንገረው፤ በባርነት የተያዙት እ.ኤ.አ. በ1791 ተነሥተው በ1804 አገር መሠረቱ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ሳጥኑን በጠመኔ ሳልኩላት። ገባች። አሁን አልወጣም ብላለች።

መልስ፦ ተያት። ስትወጣ የምትጠይቅሽን ጻፊልኝ።