ኮር ፋን ደር ሃርት እስከ 27 ዓመቱ የት ነበር?

ወንድሜ፣ «ኮር ፋን ደር ሃርት ያን ያህል ጎበዝ ተከላካይ ከነበረ ለሆላንድ ብሔራዊ ቡድን እስከ 27 ዓመቱ ለምን አልተጫወተም? ጉዳት ነበረበት እንዴ?» ብለህ ጠይቀሃል። ጉዳት አልነበረበትም። ጥፋቱ ደሞዝ መቀበሉ ነው።

የምኖረው በሆላንዷ ሊምቡርግ ክፍለ ሀገር፣ ኼሌን ከተማ አጠገብ ነው። ስሙን መጀመሪያ የሰማሁት ከሰማንያ ያለፉ የቀድሞ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ጋር የልጄን ጨዋታ ስንመለከት ነው። ልጄ ኳሷን ዝም ብሎ ወደ ሰማይ ሲጠልዛት ሽማግሌው ሳቁና «ፋን ደር ሃርት ይህን ቢያይ!» አሉ። ማን ነው ብዬ ጠየቅኩ። የልጄን ጨዋታ ውጤት እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ ወሬው በለጠብኝ።

ዘመኑ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው። ሰውየው በ1928 አምስተርዳም ተወለደ፣ በአያክስ ጀመረ፣ በ1950 ወደ ፈረንሳዩ ሊል ሄደ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የሆላንድ ፌዴሬሽን ኳስ ለአማተር ብቻ ነው ባይ ነበር፤ ውጭ ሄዶ በኳስ እንጀራውን የሚበላ ሰው የብሔራዊ ቡድን ማልያ አይለብስም። ስለዚህ ሊል በ1953 የፈረንሳይን ዋንጫ፣ በ1954 ደግሞ ሊጉን ሲያነሳ አብሮ የነበረው ሰው ለአገሩ ባዕድ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የመሐል ተከላካዩ ቦታ የሪኑስ ቴርላው ነበር። እሱ አገሩ ቀርቶ በስፓርታ ሮተርዳም እየተጫወተ 34 ጊዜ ተሰለፈ። ቴርላውም ቀላል ሰው አልነበረም፤ ቅጽል ስሙ «አለቱ» ነው። ግን የሁለቱን ቁጥር አስቀምጦ ማን ይበልጣል ማለት ለእኔ ትርጉም የለውም፤ አንዱ በር ተዘግቶበት ነበርና።

በሩን የገፋው ጎርፍ ነው ብል አላጋነንኩም። በ1953 ጥር መጨረሻ ላይ ባሕሩ ግድቡን ጥሶ ሆላንድ ውስጥ ብቻ 1,836 ሰው ሞተ። ውጭ የሚጫወቱት ልጆች ተጠራርተው መጋቢት 12 ቀን ፓሪስ ላይ ለተጎጂዎች መርጃ ከፈረንሳይ ጋር ገጠሙ። ፋን ደር ሃርት ከኋላ ነበር። ደ ሃርደርና አፔል አግብተው 2 ለ 1 አሸነፉ። ጨዋታው በይፋ ስለማይቆጠር በመዝገቡ ላይ አታገኘውም፤ ሕዝቡ ግን የተነፈገውን ቡድን አየ።

በ1954 ነጋዴው ኺድ ዮስተን እዚሁ ኼሌን ውስጥ ፎርቱና 54 የተባለውን ክለብ አቋቋመ፣ ፋን ደር ሃርትንም አመጣው። በዚያው ዓመት ማብቂያ ፌዴሬሽኑ ተሸነፈና ፕሮፌሽናል ኳስን ተቀበለ። ፋን ደር ሃርት ወዲያው በ1955 ለብሔራዊ ቡድኑ ተጠራ፤ እስከ 1961 ድረስ 44 ጊዜ ተሰለፈ። በ1956 ዱሰልዶርፍ ላይ የዓለም ሻምፒዮኗን ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ሲረቱም ነበር። ከፎርቱና ጋር በ1957 የአገሩን ዋንጫ በላ።

አጨዋወቱን ለጠየቅከው፣ ሽማግሌው ተነስተው በእግራቸው ነው ያሳዩኝ፦ ኳሷን አቁሞ፣ ቀና ብሎ አይቶ፣ ከዚያ ረጅሙን ኳስ። የመሐል ተከላካዩን ሆላንዶች ያኔ «ስፒል» ይሉት ነበር፤ ሌላው የሚዞርበት ዘንግ እንደማለት ነው።

በ1974ቱ የዓለም ዋንጫ ደግሞ የሆላንድ አሰልጣኝ የሪኑስ ሚኬልስ ረዳት ሆኖ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ታየዋለህ። ያኔ ፌዴሬሽኑ ደሞዝ የሚቀበል ሰው አልጠላም።