መኪናው አንድ ስለሆነ ፍሬኑም አንድ ነው ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። የፊት ግራ ካሊፐርህ (የፍሬን ሸራዎቹን ከጎማው ጋር በሚዞረው ክብ ብረት፣ በዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ዕቃ) ተጣብቆብሃል። ከተመሳሳይ ሞዴል የተፈታ ያገለገለ ካሊፐር አግኝተሃል፤ የዚያኛው መኪና ዓመት ግን ከአንተ በሁለት ይበልጣል። ሻጩ «ሞዴሉ አንድ ነው፣ ይገጥማል» ብሎሃል። ሊገጥም ይችላል። ግን በሞዴል ስም ብቻ እንዳትገዛ። የራስህን ፈትተህ ይዘህ ሂድና አጠገቡ አስቀምጠህ ለካው።

አንድ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ እንደ ሞተሩና እንደ ደረጃው የተለያየ ፍሬን ይገጠምለታል። ቮልስዋገን ጎልፍ 5ን ብታይ የፊት ዲስኩ 280፣ 288 ወይም 312 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ስሙ ያው ጎልፍ ነው። አንዳንዱ መኪና ላይ ደግሞ ካሊፐሩን የሚያቀርቡት ሁለት የተለያዩ አምራቾች ናቸው፤ የአንዱ ሸራ ለሌላው አይሆንም። በዓመቱ አጋማሽ ላይ ዕቃ የሚቀየርበት ጊዜም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ በሻንሲ ቁጥርህ ትክክለኛውን የዕቃ ቁጥር አስወጣ። ዓመት ብቻውን አይበቃም።

እኔን ያስተማረኝ አንድ ካሊፐር ነው። ቁጥሩ ተቀራራቢ፣ ብሎኖቹ ልክክ ያሉ፣ ዲስኩም የገባ። ሁሉም ነገር ደህና መሰለኝ። ፍሬኑን ስረግጠው ግን ልስልስ አለ። አየር አስወጣሁ፤ እንደዚያው። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩ፤ የፍሬን ዘይት ጨረስኩ። በመጨረሻ ጎንበስ ብዬ ሳይ የአየር ማስወጫዋ ብሎን ወደ ታች ዞራለች። የቀኝ ካሊፐር ግራ ላይ ገጥሜ ነበር! አየር ወደ ላይ ነው የሚሰበሰበው። ብሎኗ ታች ከሆነች ሙሉ ቀን ብትረግጥ አይወጣም። የአንተም የግራ ስለሆነ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት እንደሚገጠመው አድርገህ ያዘውና ብሎኗ ላይ መሆኗን እይ።

ቀጥሎ የፒስተኑን (ካሊፐሩ ውስጥ ሆኖ ሸራውን የሚገፋውን ክብ ብረት) ስፋት ለካ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በ54 እና በ57 ሚሊ ሜትር መካከል ያለው ልዩነት በዓይን አይታይም፤ በተመሳሳይ ግፊት ግን ትልቁ 11 በመቶ ገደማ የበለጠ ኃይል ይሰጣል። አንዱ ጎን 54፣ ሌላው 57 ከሆነ ፍሬን ስትይዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስብሃል። ዝናብ ላይ ይህ ከባድ አደጋ ነው። ግራና ቀኙ የግድ አንድ ይሁኑ።

ካሊፐሩን የሚይዘውን ብረትም አብረህ ውሰድ። ካሊፐሩ ዲስኩ ላይ የት ጋ እንደሚቀመጥ የሚወስነው እሱ ነው። የፍሬን ጎማ ቱቦው የሚገባበትን ጥርስ በራስህ ቱቦ ሞክር፤ በእጅ ካልገባ በቁልፍ አታስገድደው። ከትልቅ ሞተር መኪና የመጣ ካሊፐር ደግሞ ቸርኬህን ከውስጥ ሊነካ ስለሚችል ጎማውን አስረህ በእጅህ አዙረው።

ዲስክም ከፈለግክ ዲያሜትሩ ብቻ አይበቃህም። የቀዳዳዎቹ ብዛትና ርቀት (5 በ100 እና 5 በ114.3 ይለያያሉ)፣ የመሀል ቀዳዳው፣ የቆቡ (የመሀሉ ከፍ ያለ ክፍል) ቁመትና የዲስኩ ውፍረት ሁሉ ይለካሉ። አብዛኛው ዲስክ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት ተቀርጿል። ያገለገለው እዚያ ከደረሰ ወይም ከተጠጋ ተወው፣ ቢገጥምም።

ያገለገለ ሸራና ያገለገለ ቱቦ ግን በፍጹም አትግዛ። ሸራ ዘይት ጠጥቶ እንደሆነ ከላይ አይታወቅም፤ ቱቦም ከውስጥ ሊያብጥ ይችላል። ካሊፐሩን ከገዛህ በኋላም የፒስተኑን ጎሚኒና የአቧራ መከላከያውን በአዲስ ቀይር። ፒስተኑን አውጥተህ ዝገት የበላው ከሆነ ካሊፐሩን ለሻጩ መልስለት።

የሁለቱን ካሊፐሮች ፎቶ ጎን ለጎን አድርገህ ከነዕቃ ቁጥራቸው ለጥፍልን። ገንዘቡን ሳትከፍል አብረን እናየዋለን።