መልስ፦ ማስተርካርድ ስኮላርሺፕ የሚሸፍነው ምኑን ነው?

ወንድሜ፣ እህትህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደርሷት «ማስተርካርድ የሚከፍለው ለትምህርቱ ብቻ ነው ወይ?» ብለሃል። አይደለም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ የትምህርቱ ክፍያ መግቢያ ላይ እኮ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ወጪ መጋራቱን ፈርማ ትገባለች፣ ሥራ ስትይዝ ትከፍላለች። ቤተሰብን የሚያጎብጠው ሌላው ነው፦ ትራንስፖርቱ፣ ላፕቶፑ፣ ፎቶኮፒው፣ የወር የኪስ ገንዘቡ። የማስተርካርድ ፋውንዴሽን (የካርድ ኩባንያው ያቋቋመው በጎ አድራጎት ድርጅት) ስኮላርሺፕ እንዲህ ላለው ወጪም ያግዛል። የጎንደሩ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2017 ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረ ነው፤ ትኩረቱ አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ላይ ነው። እህትህ የመስማት ችግር አለባት ስላልክ የስኮላርሺፑ የማመልከቻ ጥሪ መውጣቱን እዚያው ጊቢ ጠይቁ። የቤተሰቡን ገቢ የሚያሳይ ደብዳቤ ከቀበሌ ቀድማችሁ አውጡ፤ እሱ ነው ጊዜ የሚበላው። ፎርም አስሞላለሁ ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ ከመጣ ግን እንዳትሰሙት።