ባቴ እየቀጠነ ነው፤ ስፖርት ይመልሰዋል?

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት መምህር ነኝ። ሻርኮ-ማሪ-ቱዝ የተባለ በዘር የሚተላለፍ የነርቭ ሕመም አለብኝ። ባቴ ቀጥኗል፤ ከሰዓት በኋላ ቆሜ ማስተማር ያቅተኛል። ስፖርት ይጠቅመኛል ወይስ ይብስብኛል?

መልስ፦ ድካምዎ ስንፍና አይደለም፤ ማንም እንዲህ ቢልዎ አይቀበሉት። የተጎዳው ለጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርሰው ነርቭ ነው። ረጃጅሞቹ ነርቮች ስለሚቀድሙ ሕመሙ ከእግር ይጀምራል፤ እጅ ይከተላል። ትእዛዝ ያጣው ጡንቻ ይሟሽሻል፣ የተረፈው የሌላውንም ሥራ ተሸክሞ ቶሎ ይዝላል። የእግርዎ ጫፍ የሚንጠለጠል ከሆነ ደግሞ በየእርምጃው ጉልበትዎን ከፍ አድርገው ያነሳሉ፤ ይህም አቅም ይጨርሳል። ጫማ ውስጥ የሚገባ የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ጫፉን ቀና አድርጎ ይይዛል።

ነርቩን ያጣ ጡንቻ በስፖርት አይመለስም። ጭንና ዳሌ ግን ይጠነክራሉ። ዋና ወይም የማይንቀሳቀስ ብስክሌት በሳምንት 3 ቀን፣ ከ10 ደቂቃ ጀምረው፣ እያወሩ ሊሠሩ በሚችሉት ፍጥነት ይሞክሩ። የጡንቻ ሕመሙ ወይም ድካሙ በማግስቱም ካልለቀቀ መጠኑ በዝቷል፤ ይቀንሱ። ግድግዳ ተደግፈው፣ ተረከዝዎ መሬት ሳይለቅ፣ ባትዎን በየቀኑ 30 ሰከንድ 3 ጊዜ ይሳቡ፤ የተረከዝ ጅማት አንዴ ካጠረ ማስረዘሙ ከባድ ነው።

የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግርና የእንቅልፍ መዛባትም ስለሚያደክሙ ይመርመሩ። ለማንኛውም ሐኪም ሕመምዎን አስቀድመው ይንገሩ፤ ቪንክሪስቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ነርቩን ክፉኛ ሊጎዳው ይችላል።