ስንት ፐብ ይበቃል? እና ሌሎች የአየርላንድ ጥያቄዎቻችሁ

ስለ አየርላንድ ፐቦች ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄያችሁ አላቋረጠም። ፐብ ያው መጠጥ ቤት ነው። እዚያ ታዲያ የግል አስጎብኚ ቀጥሮ፣ ከቤት ቤት እየተዘዋወሩ፣ የየቤቱን ታሪክ እየሰሙ ማምሸት የተለመደ ነው። ደብዳቤዎቻችሁን አሳጥሬ በራሴ አባባል አቅርቤያቸዋለሁ። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ፣ ሰዓቱ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ስድስት ፐብ ወይስ ሦስት?

ስዊድን የሚኖር አንባቢ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ደብሊን ሊሄድ ነው። አንዱ አስጎብኚ በሦስት ሰዓት ውስጥ ስድስት ፐብ አሳያችኋለሁ ብሎታል። ሌላው በዚያው ዋጋ ሦስት ብቻ ነው ያለው። "ስድስቱ አይሻልም?" ይላል።

አይሻልም ወንድሜ። እስቲ አስላው። ስድስት ፐብ በሦስት ሰዓት ማለት ለአንዱ ግማሽ ሰዓት ነው። የእግር መንገዱን ስትቀንስ ሃያ ደቂቃ ቢቀርህ ነው። ጊነስ የሚሉት ጥቁር ቢራ በወጉ ለመቀዳት ብቻ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ቀጂው ብርጭቆውን አዘንብሎ ሦስት አራተኛውን ይሞላና ባንኮኒው ላይ ያስቀምጠዋል። ያኔ እጅህን አትዘርጋ፣ ገና ነው። ቡናማው ደመና በብርጭቆው ጎን ወደ ታች ሲወርድ ታያለህ፣ ከዚያ ከሥር ጥቁሩ እየጠራ ይመጣል፣ ነጩ አረፋ ከላይ ይሰበሰባል። እሱ ሲረጋ ነው ቀጂው ተመልሶ አፉ ድረስ የሚሞላልህ። ፋብሪካው 119.5 ሰከንድ ነው ይላል። ወሬ የሚጀመረውም በዚያች ሁለት ደቂቃ ነው፤ አጠገብህ የቆመው ሰው ከየት መጣህ ይልሃል፣ ስለ ዝናቡ ያነሳል፣ ሳታስበው ስለ አያቱ እየነገረህ ነው።

እኔ መጀመሪያ ስሄድ የቀጠርኩት አስጎብኚ አምስት ቤት አሯሯጠን። አንዱ ቤት ውስጥ ጥግ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ስለ ወደብ ሥራ ዘመናቸው ማውራት ጀምረውልን ነበር። አስጎብኚው ሰዓቱን አየና "እንሂድ" አለ። ሰውዬው የጀመሩትን ሳይጨርሱ ጥለናቸው ወጣን። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አምስቱን ቤቶች አሁን ለይቼ አላስታውሳቸውም፣ የሽማግሌውን ፊት ግን አልረሳሁም።

የግል ጉብኝት ከቡድኑ የሚወደደው "እዚህ ትንሽ እንቆይ" ማለት ስለምትችል ነው። ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ለምን ትከፍላለህ? ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት ጠይቅ። ቤቱ ከጣመን መቆየት እንችላለን? ቀጂዎቹ ያውቁሃል? መጠጡ ከሂሳቡ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻ? አሮጌ እንጨትና መስታወት ከወደድክ ሎንግ ሆል እና ስታግስ ሄድን አትለፋቸው። እኔ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ግላስኔቨን ያለውን የካቫና ቤት እመርጣለሁ። በ1833 የተከፈተ ነው፣ ከትልቁ መካነ መቃብር አጥር ጋር የተያያዘ ነው፣ ሰዉም "ቀባሪዎቹ" እያለ ነው የሚጠራው፤ ሥራቸውን የጨረሱ መቃብር ቆፋሪዎች የሚጠጡበት ቤት ስለነበር። ቴሌቪዥን የለም፣ ሙዚቃም የለም። የሚሰማው የሰው ድምፅ ብቻ ነው። ቴምፕል ባር የሚባለውን ሰፈር ደግሞ አንዴ አይታችሁት እለፉ፣ ዋጋው ይጋረፋል።

የትኛው ነው የመጀመሪያው?

አንድ አንባቢ ከጓደኛው ጋር ተወራርዷል። በአየርላንድ ከሁሉም አንጋፋው ፐብ ደብሊን ያለው ብሬዘን ሄድ ነው ወይስ አትሎን ከተማ ያለው ሾንስ ባር?

ብሬዘን ሄድ ግድግዳው ላይ 1198 ብሎ ጽፏል፣ አሁን የቆመው ሕንፃ ግን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሾንስ ባር ደግሞ ታሪኩን እስከ 900 ዓመተ ምሕረት ይወስደዋል፤ በ1970 ሲታደስ በጭቃና በእንጨት ማገር የተሠራ ግድግዳ ተገኝቷል። ውርርዱን ለሾንስ ባር ስጡትና ገላግሉኝ።

ግንባራቸው ላይ ብር ልለጥፍ?

ይህችን ጥያቄ ወደድኳት። ከፍራንክፈርት የጻፈች እህት ናት። ፐብ ውስጥ ባህላዊ ሙዚቃ ሲጫወቱ እንደ አዝማሪ ቤት መሸለም ይቻላል ወይ ትላለች።

አትለጥፊ የኔ እህት፣ ይደነግጣሉ። ሴሽን የሚሉት ነገር መድረክ የለውም። ሰዎቹ አንድ ጠረጴዛ ከበው ለራሳቸው ነው የሚጫወቱት። አንዳንድ ቤት ሁለት ሦስቱን ይከፍላቸዋል፣ ሌላው ቫዮሊኑን ወይም ዋሽንቱን ይዞ ገብቶ ይቀላቀላል። በክንዱ ወናፍ እየጨመቀ የሚጫወት ካየሽ ቀረብ ብለሽ እዪው፤ ኢለን ፓይፕስ ይባላል፣ በአፍ አይነፋም፣ በ2017 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ባዶ ወንበር አጠገባቸው ብታዪ አትቀመጪ፣ የሚመጣ ተጫዋች አለ። አንድ ሰው ያለ መሣሪያ መዝፈን ከጀመረ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይላል፣ አንቺም ዝም በይ። ማመስገን ከፈለግሽ ለቀጂው ንገሪው፣ መጠጥ ይልክላቸዋል።

ለዚህ ደብሊን፣ ስሚዝፊልድ ሰፈር ያለው ኮብልስቶን የሚባለው ፐብ ይሁንልሽ። በ2021 ቦታው ላይ ሆቴል ሊሠራ ነው ተብሎ ሙዚቀኞችና የከተማው ሰዎች ሰልፍ ወጥተው ነበር፤ የከተማው ምክር ቤትም ዕቅዱን ውድቅ አደረገው። አስጎብኚሽ ይህን ታሪክ ካልነገረሽ ጠይቂው።

አባቴ መጠጥ ካቆመ ስድስት ዓመቱ ነው

ደብሊን የምትኖር ልጅ ናት። አባቷ ከአዲስ አበባ ሊጠይቋቸው ይመጣሉ። መጠጡ ቤተሰባቸውን ሊበትን ደርሶ እንደነበር፣ ሐኪም ረድቷቸው ካቆሙ ስድስት ዓመት እንደሆናቸው ጽፋልኛለች። አባትየው ታሪክና አሮጌ ቤት ይወዳሉ። ወንድሞቿ የግል የፐብ ጉብኝት ገዝተው በድንገት ሊያስደስቷቸው አስበዋል። "አልኮል የሌለው ጊነስ ያዝዛል፣ ምን ችግር አለው" ይላሉ። እሷ ደግሞ እንቅልፍ አጥታለች።

ፍርሃትሽ ልክ ነው። ወንድሞችሽ ክፉ አላሰቡም፣ ግን ይሄ በድንገት የሚሰጥ ስጦታ አይደለም። ስድስት ዓመት የጠበቁትን ሰው ባንኮኒ ፊት አቁሞ "ሰርፕራይዝ!" ማለት ምርጫ መንሳት ነው። አባት ደግሞ ልጆቹ ገንዘብ ከከፈሉ በኋላ እንቢ ማለት ይከብደዋል። አስቀድማችሁ ጠይቋቸው። ሁሉም በተሰበሰበበት ማዕድ ላይ አይሁን፣ አንቺ ብቻሽን ሆነሽ ቡና ላይ። እንቢ ካሉ አበቃ። "እስቲ እናያለን" ካሉም እንቢ እንደሆነ ቁጠሪው።

ስለ ዜሮው፣ አልኮል ስለሌለው ጊነስ። ብርጭቆው ያው ነው፣ ሽታው ያው ነው፣ አረፋው ያው ነው። ለአንዳንድ ሰው ምንም አያመጣም፣ ለሌላው ግን የተኛውን ጥማት ይቀሰቅሳል። አባትሽ የትኛው እንደሆኑ እኔ አላውቅም፣ ወንድሞችሽም አያውቁም። ስለዚህ ሲያክማቸው የነበረውን ሐኪም ወይም አማካሪ ከጉዞው በፊት ደውላችሁ አነጋግሩ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። እሱን ሳታነጋግሩ እንዳትወስዷቸው።

እሳቸው ከፈለጉ፣ ሐኪሙም ከተስማማ፣ ያኔ የግል ጉብኝት መሆኑ ይጠቅማችኋል። ለአስጎብኚው አስቀድማችሁ ንገሩት። ማታ ሳይሆን ከቀኑ ስምንት ሰዓት አካባቢ ሂዱ፣ ያኔ ፐቡ ጭር ያለ ነው፣ ብርሃኑ በባለቀለም መስኮቱ ይገባል፣ ሰው ጋዜጣ ያነባል። ሻይ ይዘዙ፤ ፐብ ውስጥ ሻይ ማዘዝ ማንንም አያስገርምም። ስነግ የሚሏት በእንጨት የተከለለች ትንሽ ክፍልም አለች፤ ድሮ ሴቶችና ቄሶች ሳይታዩ የሚጠጡባት ነበረች፣ ዛሬ ለቤተሰብ ጨዋታ የምትመች ናት። "በቃኝ" ባሉ ሰዓት ደግሞ ሁላችሁም ተነሱ። ማንም "ትንሽ እንቆይ" አይበል።

ሌላም ነገር ልንገርሽ። አየርላንድ የጠጪዎች አገር ብቻ ተደርጋ ስትወራ ይከፋኛል። በ1838 አባ ቲዮባልድ ማቲው የሚባሉ የኮርክ ከተማ የካቶሊክ (የካፑቺን ማኅበር) መነኩሴ መጠጥ የማቆም ዘመቻ ጀምረው እጅግ ብዙ ሕዝብ ቃል አስገብተዋል። ሐውልታቸው ደብሊን ኦኮኔል ጎዳና ላይ ቆሟል። በ1898 ደግሞ ፓዮኒር የተባለው ከመጠጥ የመታቀብ ማኅበር ተመሠረተ። አባላቱ የኢየሱስ ልብ ያለበት ትንሽ ፒን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። ፒኑን አድርገው ፐብ ገብተው፣ ሎሚናት ይዘው ከጎረቤት ጋር ሲጫወቱ ያመሹ ብዙ ናቸው። አባትሽ እዚያ አገር እንግዳ አይሆኑም። አስጎብኚውን ከዚያ ሐውልት እንዲጀምር ጠይቁት። ፐብ ሳይገቡ ሐውልቱንና የግላስኔቨንን መካነ መቃብር ብቻ አይተው ቢመለሱም ሙሉ ቀን ነው።

ቤልፋስትን ልጨምርበት?

ከጣሊያን፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት። የሸንገን መኖሪያ ፈቃድ አለኝ፣ ደብሊን አይቼ በባቡር ቤልፋስት ደርሼ ክራውን የሚባለውን ፐብ ባይስ ይላል።

ክራውን ማየት የሚገባው ቤት ነው። የጋዝ መብራቱ፣ የተቀረጹት የስነግ በሮች፣ አስተናጋጅ መጥሪያው ደወል ሁሉ አለ። ከ1978 ጀምሮ ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ንብረት ነው። ግን ተጠንቀቅ። አየርላንድ ሸንገን ውስጥ የለችም፣ ስለዚህ ለደብሊን የአየርላንድ ቪዛ ያስፈልግሃል። ቤልፋስት ደግሞ የሰሜን አየርላንድ ከተማ ናት፣ በዩናይትድ ኪንግደም ሥር፤ ሌላ ቪዛ። ድንበሩ ላይ ኬላ ስለሌለ ብቻ መሻገር ይፈቀዳል ማለት አይደለም። አስጎብኚው "ማንም አይጠይቅም" ቢልህ አትስማው፣ የሚጎዳው የአንተ ፋይል ነው። የሁለቱንም አገር ኤምባሲ ወይም የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቅና በጽሑፍ የተሰጠህን ተከተል።

የጋበዙኝን ጠጥቼ ወጣሁ፣ አጠፋሁ?

አዎ፣ ትንሽ። እኛ ጋ አንዱ ጋባዥ ሂሳቡን ጠቅልሎ ይዘጋል። እዚያ ዙር ነው፤ አንዱ ለሁሉም ይገዛል፣ ቀጥሎ ሌላው ለሁሉም። ተራህ ሳይደርስ ከወጣህ ዕዳ ጥለህ ወጣህ ማለት ነው። መቆየት ካልቻልክ ወይም ካልጠጣህ ገና ሲጀመር "እኔ ዙር ውስጥ አልገባም" በል፣ ማንም አይቀየምም። በሚቀጥለው ስትሄድ አንተ ቀድመህ ግዛ።

መኪና ተከራይተን ገጠሩን ብንዞርስ?

ባልና ሚስት ናቸው። ለአስጎብኚ ከመክፈል ራሳችን እንነዳለን፣ አንድ ሁለት ብንጠጣ ምን አለበት ይላሉ።

አይሆንም። ሕጉ በ100 ሚሊ ሊትር ደም 50 ሚሊ ግራም አልኮል ነው የሚፈቅደው፣ ለአዲስ አሽከርካሪ ደግሞ 20። ከሕጉም በላይ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፣ ግራ ይዘው ነው የሚነዱት፣ ይመሻል። አንዳችሁ ጭራሽ አትጠጡ ወይም ሹፌር ያለው ጉብኝት ግዙ።

ሂዱ ግን። ዲንግል ከተማ ፎክሲ ጆንስ የሚባል ቤት አለ፤ በአንድ በኩል ሚስማርና መዶሻ ይሸጣል፣ በሌላው በኩል ድራፍት ይቀዳል። ድሮ የመንደሩ ሱቅና መጠጥ ቤት አንድ ነበሩ፣ ስኳር ልትገዛ የገባች እናት የሰፈሩን ወሬ ሰምታ ትወጣ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ እየጠፋ ነው። ከ2005 ወዲህ አየርላንድ ውስጥ ከ1,800 በላይ ፐቦች ተዘግተዋል፣ አብዛኛው ገጠር። ለአንድ መንደር መጨረሻው ፐብ ሲዘጋ ሽማግሌው ማታ የሚወጣበት ቤት ያጣል። ገንዘባችሁን ከከተማ ይልቅ እዚያ ብታወጡ ደስ ይለኛል።

አጫጭሮቹ

ልጆች ይገባሉ? ከወላጅ ጋር እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር እስከ አራት።

በጾም ምን ልብላ? ወጡ የበግ ነው፣ ሾርባው ክሬም አለበት፣ ዳቦውም በአሬራ ነው የሚቦካው። ድንች ጥብሱ በምን ዘይት እንደተጠበሰ ጠይቂ። ጊነስን ለማጥራት ይገባ የነበረው የዓሣ ነገር ቀርቷል። ቢራው ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ለነፍስ አባትሽ።

"ክራክ አለ ወይ" ብለው ጠየቁኝ፣ ዕፅ መስሎኝ ደነገጥኩ ላልከው፦ ጨዋታና ደስታ ማለት ነው። አለ በላቸው።

በመጨረሻ፣ የተሳሳተ መጸዳጃ ቤት ገብታ ለተሸማቀቀችው። አሮጌ ፐብ በር ላይ በአይሪሽ ቋንቋ ነው የሚጻፈው። በ"ኤፍ" የሚጀምረው ፊር የወንዶች ነው። በ"ኤም" የሚጀምረው ምናው ያንቺ ነው።