ብሩን ከማጠባችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሦስት ወጣቶች ደብረ ብርሃን ወዳለው የሥራ ቤቴ መጡ። በመንዝ ገጠር ዞረው የገዙትን ዐሥራ አንድ የድሮ ብር በቆዳ ከረጢት ይዘዋል። ከረጢቱን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያፈስሱት ቤቱ በራ። ሌሊቱን በጥርስ ሳሙናና በአመድ ሲፈትጉት እንዳደሩ በደስታ ነገሩኝ። አንዱን አንሥቼ በማጉያ መነጽር አየሁት፤ ብሩ ላይ የተቀረጸችው የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ጉንጭ እንደ ታረሰ ማሳ በጭረት ተሞልቷል። ዘጠነኛው የዳግማዊ ምኒልክ ብር ነበር። ፊደሉ ሁሉ የሚነበብ፣ የአንበሳው ጋማ የሚቆጠር፣ ከሣጥን እምብዛም ያልወጣ ብር። እስከ ትናንት ማታ ድረስ ያልተነካ ነበር።

ልቆጣቸው አልቻልኩም። ይህን የሚያውቁ ሰዎች በየቤታችን ተቀምጠን ዝም ካልን ጥፋቱ ከእነርሱ ይልቅ የእኛ ነው። አርባ ስድስት ዓመት በአንጥረኝነት ስኖር በእጄ ያለፈውን ብር ቁጥሩን አላውቀውም። ስለዚህ የማውቀውን ልንገራችሁ፤ አስቀድሜ ግን የራሴን ጥፋት።

በሃያ ሁለት ዓመቴ ከአንኮበር በኩል አንዲት እናት መጡ። የልጃቸው ልጅ ክርስትና ሊነሣ ነበርና "ልጄ፣ ጥሩ መስቀል ሥራልኝ" ብለው ከነጠላቸው ጫፍ ሁለት ብር ፈትተው ሰጡኝ። አንዱ ማርያ ቴሬዛ፣ ሌላው ምኒልክ። የምኒልኩ ላይ ፲፰፻፹፯ የሚል ተጽፎበታል፤ አንብቤዋለሁም። ያን ጊዜ ግን ለእኔም ለመምህሬም ብር ማለት ብር ነው፤ ቀልጦ ሲወርድ ሁሉም አንድ ነው። ሁለቱንም በአንድ ማቅለጫ ጨመርኳቸው። ፲፰፻፹፯ ምኒልክ ፓሪስ ላይ ባሳተሙት ብር ላይ የሠፈረው የመጀመሪያው ዓመት መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሰብሳቢዎች የመጀመሪያ ዓመት እትም እንዴት እንደሚፈልጉ የተረዳሁትም ያኔ ነው። መስቀሉ ያምር ነበር። ቢሆንም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደ ነገሩ ልግባ። ከእኛ አገር ሣጥኖች የሚወጣው አብዛኛው ብር ጠገራ ብር፣ ማለት ማርያ ቴሬዛ ነው። እንዴት እዚህ ደረሰ ብላችሁ ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባን ተመልከቱ። የሸዋ ነገሥታት አንኮበር ላይ በነበሩበት ዘመን ከባሕር ጠረፍ በአፋር በረሓ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፈው እዚያ ነበር። የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ጨው፣ ለመናገር በሚያሳፍር ሁኔታ ሰውም ጭምር በዚያ ገበያ ይሸጥ ነበር። አሞሌ ጨው የዕለት መገበያያ ሲሆን ለትልቁ ነገር ግን ይህ ብር ይቆጠር ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ እስኪወጣ ድረስም ገበሬው ከወረቀት ይልቅ የሚያምነው እርሱን ነበር።

ወጣቶች ሁሉ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ብሩ ላይ 1780 የሚል አለ። በፈረንጅ ቁጥር ነው። ይህን ያየ ሁሉ "ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በላይ የሆነው ብር አገኘሁ" ይላል። ንግሥቲቱ በዚያው ዓመት ሞተዋል፤ የአረብና የሐበሻ ነጋዴ ግን ሌላ ብር አልቀበል ስላለ ማተሚያ ቤቶች የሞቱበትን ዓመት እንደያዘ እያተሙት ኖሩ። ቪየና፣ ሚላኖ፣ ቬኒስ፣ ፕራግ አትመውታል። ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ሲሰናዳ በ1927 ዓ.ም. የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አሳተመ። እንግሊዞችም ለንደን ላይ፣ ኋላም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምቤይ ላይ አተሙ። ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ አገር ለመውረር የመጣው ብርና ወራሪውን ለማስወጣት የመጣው ብር አንድ ፊትና አንድ ዓመት ይዘው በአንዲት የመንዝ እናት ድሪ ላይ ጎን ለጎን ተሰክተው አይቻለሁ።

እንግዲህ 1780 ዕድሜውን አይነግራችሁም። የታተመበትን ቦታ የሚለዩ ሰዎች የሚያዩት ከደረቷ ላይ ያለውን የጌጥ ዕንቁ፣ የንስሩን የጅራት ላባ፣ ከትከሻዋ ሥር ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት አቀራረጽ ነው። የእኛ አባቶችም ብር ሲቀበሉ ዕንቁዎቹን በጣት እየቆጠሩ ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ እንደ አጉል እምነት ይስቅበታል፤ እኔ ግን ጥሩ ዓይን ብዬዋለሁ። ሐሰተኛ ብር የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚስተው ትንንሹን ነገር ነውና።

ስለ ሐሰተኛው ካነሣሁ ሚዛኑን ልንገራችሁ። ትክክለኛው ጠገራ ብር ሲታተም 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ንጹሑ ብር 23.39 ግራም ነው፤ ቀሪው መዳብ ነው። የምኒልክ ብርም ከዚህ እምብዛም አይርቅም፤ 28.075 ግራም ሆኖ ከሺህ 835 እጁ ንጹሕ ብር ነው። አባቶቻችን ወርቅ የሚመዝኑበት ወቄት ራሱ የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ነው። ስለዚህ በዓለም ገበያ የብር ዋጋ ስታዩ ተጠንቀቁ፤ እነርሱ የሚቆጥሩበት መለኪያ 31.1 ግራም ነውና የእኛ ወቄት ያንሳል። ብዙ የተገለገለ ብር ከ28 ግራም ትንሽ ቢጎድል አትደንግጡ፤ ገበያ በልቶታል። ከ28.2 በላይ ከሆነ ግን አስቀምጡትና ደግማችሁ አስቡ።

ክብደቱ ልክ ሆኖ ብር ያልሆነም አለ። ለዚህ የምጠቀምበት መንገድ ብሩን አይጎዳም። በትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት። ብሩን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት። ሚዛኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ብሩ የገፋው ውኃ ክብደት ነው። እውነተኛው ጠገራ 2.75 ግራም ገደማ ያሳያችኋል። የብሩን ክብደት በዚያ ስታካፍሉ 10.2 አካባቢ ይመጣል። ውጤቱ 8.5 ከሆነ በእጃችሁ ያለው ናስ ነው፤ ወደ 11 ከወጣ እርሳስ አለበት። ሲያበቃ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አስተኝታችሁ ይድረቅ፤ አታሹት። በአሲድና በመፈተኛ ድንጋይ የሚፈትን አንጥረኛ ቢያጋጥማችሁ ለጌጥ ይሁን፤ ለሰብሳቢ በሚሸጥ ብር ላይ አሲድ ጠብ አይበል።

ጠርዙንም አትርሱ። በማርያ ቴሬዛ ጠርዝ ዙሪያ "ፍትሕና ምሕረት" የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ከፍ ብሎ ይታያል። በቅርጽ ውስጥ ቀልጦ የተፈሰሰ ሐሰተኛ ብር ግን ጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መስመር አለው፤ ገጹም በመርፌ እንደተወጋ ትንንሽ ቀዳዳ ይበዛበታል፤ ፊደሉ እንደ ሳሙና የሟሟ ይመስላል።

የምኒልክ ብር ለእኛ የሚቀል ነው፤ ፊደሉ የራሳችን ነውና። ፈረንጅ መጽሐፍ ገልጦ የሚያነበውን እናንተ በዓይናችሁ ታነባላችሁ፤ ግዕዝ ቁጥር የማታውቁ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ተማሩ። ፲፰፻፹፯፣ ፲፰፻፹፱፣ ፲፰፻፺፪፣ ፲፰፻፺፭ የሚሉትን ለዩ። የሚለያቸው አንድ ወይም ሁለት ምልክት ነው፤ ያችን ምልክት በመቅረጫ ነካ አድርጎ ዓመቱን የሚቀይር ሰው አይጠፋም። ስለዚህ አንበሳውን አብራችሁ እዩ። በ፲፰፻፹ዎቹ ብሮች ላይ አንበሳው ያነሣው የግራ የፊት እግሩን ነው፤ በ፲፰፻፺ዎቹ ላይ የቀኙን። ቁጥሩና እግሩ ካልተስማሙ ብሩ ተነክቷል። ግማሹን አላድ፣ ሩቡን ሩብ ይሉታል፤ እነርሱንም በንቀት አትዩ፤ ትንንሹ ብር በእጅ ብዙ ስለዞረ ፊቱ ሳይጠፋ የቆየ ማግኘት ከባድ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የ1936ቱ ሃምሳ ሳንቲምም ብር ነው፤ እንደ ተራ ሳንቲም ከቁልፍ ጋር አንጠልጥለው የሚዞሩ ሰዎች አሉ።

አሁን ልቤ ወዳለበት ልመለስ። የአንድ ብር የዋጋው መሬት በውስጡ ያለው ንጹሕ ብር ዋጋ ነው፤ ከዚያ በታች አይወርድም። 23.39 ግራም ንጹሕ ብር በዕለቱ ስንት እንደሚያወጣ አስሉ፤ መነሻው እርሱ ነው። ከዚያ በላይ የሚጨመረው በሙሉ የሚመጣው ከገጹ ነው። ብር ሲቆይ ይጠቁራል፤ ግራጫ፣ አንዳንዴም ሰማያዊና ወርቃማ ይቀላቀልበታል። ይህ ቆሻሻ አይደለም፤ ዘመን ያለበሰው ቆዳው ነው። ሰብሳቢ በመነጽር የሚፈልገው ይህንን ቆዳና ከሥሩ ያለውን ያልተነካ ገጽ ነው። በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና የታሸ ብር ቆዳው ተገፍፏል፤ ምንም ቢሠራ አይመለስም። ዋጋውም ወደ መሬቱ ይወርዳል። እነዚያ ሦስት ልጆች በአንድ ሌሊት ያጡት ይህን ነው።

ለማተብ የተበሳውስ? እናቶቻችን ብር በስተው፣ ቀለበት በይደው አንገታቸው ላይ አስረዋል። ሰብሳቢ ቀዳዳ ሲያይ ዋጋ ይቆርጣል፤ ብዙ ይቆርጣል። ይህን ሰምታችሁ ቀዳዳውን በብር ልድፈነው የምትሉ አላችሁ፤ ተዉ። የተደፈነ ቀዳዳ በመነጽር ሥር ይጋለጣል፤ ያን ጊዜ ብሩም እናንተም አትታመኑም። ድሪውን ከነገመዱ፣ ከነማርዳው እንዳለ ተዉት፤ ሙሉ ጌጥ ሆኖ የሚፈልገው ሰው ሌላ ነው።

ብሩን በጠርዙ ያዙ፤ የጣት ላብ ገጹን ያበላሻል። በሚሸትና በሚለሰልስ ላስቲክ ውስጥ አታስቀምጡት፤ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ነገር ያወጣል። አሲድ የሌለበት ነጭ ወረቀት ይበቃል።

ስለ ዋጋ ወሬ አንድ ነገር ልበል። የ1780 ብር በሚሊዮን ይገዛል የሚል ወሬ ከከተማ እስከ ገጠር ይናፈሳል። በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ሲታተም ኖሮ፣ ዛሬም በቪየና እየታተመ፣ ተራውን ጠገራ ማን በሚሊዮን ይገዛዋል? "ገዢ አለኝ፣ ለማስመርመሪያ ቅድሚያ ክፈል" የሚል ሰው ከመጣ ስልኩን ዝጉ። ሰው የጠየቀውን ዋጋም እንደ ዋጋ አትቁጠሩ፤ እውነተኛው ዋጋ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ያለፈበት ነው።

ገዢ ሆናችሁ ገጠር ስትወጡ ደግሞ እባካችሁ የምታውቁትን ተናገሩ። ብሩን የያዙት እናት ፊደሉን ላያነቡ ይችላሉ። "እማማ፣ ይህ ከሌላው የተለየ ነው፤ ከሚቀልጠው ብር በላይ ያወጣልዎታል" ብላችሁ ከጀመራችሁ ምናልባት ያን ቀን ትንሽ ታተርፋላችሁ። እኔ ግን የምመሰክረው አለኝ፤ እንዲህ ያልኳቸው ሰዎች ጎረቤታቸውን፣ እህታቸውን፣ የንስሐ አባታቸውን ሳይቀር ወደ ቤቴ ልከዋል። ያልነገራቸው ነጋዴ ወደዚያ መንደር አይመለስም።

አክሱም ላይ የተሠሩ የጥንት ሳንቲሞች፣ ወርቅም ሆነ ብር ወይም መዳብ፣ ቢያጋጥሟችሁ ለንግድ አታስቡአቸው። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፤ ለአሮጌ ብርም ቢሆን ወደ ውጭ ከመላካችሁ በፊት የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ።

የመጨረሻው ነገር ደብተር ነው። ከየትኛው ቀበሌ እንደ መጣ፣ ማን ለማን እንዳወረሰው፣ በምን ጌጥ ላይ እንደ ነበር በዚያው ቀን ጻፉና ከብሩ ጋር አስቀምጡ። እኔ ይህን የጀመርኩት ዘግይቼ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጎልማሳ ሰው የመስቀል ማንጠልጠያው ተሰብሮበት መጣ። መስቀሉን ገና ሳየው አወቅሁት፤ በክንፎቹ ላይ ያለውን ሐረግ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ለክርስትናው የተሠራለት ያ ሕፃን እርሱ ነበር። ማንጠልጠያውን በይጄ ስጨርስ በመስቀሉ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ምን እንዳቀለጥኩም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና "ጋሼ፣ ዓመተ ምሕረቱን ያስታውሱታል?" አለኝ። በወረቀት ላይ ፲፰፻፹፯ ብዬ ጻፍኩለት። አያቱ ከየት እንዳገኙት እናቱን እንደሚጠይቅ ነግሮኝ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ አስገባው።